አባቴና ባለ አራት እጁ መኪና

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የሚወስደውን መንገድ በሐረር ግንብ ውስጥ የምንኖር እኛ ጀጎሎች መኪና ግርግር እንለዋለን። ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች በራቸው ላይ ተቀምጠው ከጠዋት ጀምሮ የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ድምፅ ነው። አባቴ አብዱልሰመድ ከእነሱ አንዱ ነው። ሰፈሩ አው ሰመድ ይለዋል፤ «አው» በቋንቋችን አባት ማለት ሲሆን ለተከበረ ሰውም ይሰጣል። እኔ ረውዳ ነኝ፣ የመጨረሻ ልጁ። ከግንቡ ውጪ ባለው አዲሱ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ወሬ ማሳጠር አልችልበትም ይሉኛል፤ ስለዚህ እየቸኮላችሁ ከሆነ ሌላ ቀን አንብቡኝ።

መጀመሪያ የአባቴን ጣት ማወቅ አለባችሁ። የግራ እጁ ጠቋሚ ጣት ጥፍር የለውም። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ከጅዳ የመጣ ዘመድ ለስፌት መኪናው የኤሌክትሪክ ሞተር አመጣለት። መንገዱ ሁሉ ቀናበት። በእግር መድከም ቀረ፤ ጫን ሲያደርጉት ይበራል። ታዲያ አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋ ሳለ፣ ከመንገዱ ማዶ የሚሰፋው ጎረምሳው አሚን «አው ሰመድ!» ብሎ ጮኸ። ምን ሊነግረው እንደነበር ዛሬ ማንም አያስታውስም። አባቴ ቀና አለ፣ እግሩ ግን ሞተሩ ላይ ነበር። መርፌው ጣቱን ከቀሚሱ ጋር ሰፋው።

በዚያው ቀን በታሰረ እጁ ሞተሩን ፈትቶ አወጣና ወደ ቀድሞው መርገጫ ተመለሰ። የጠየቀውን ሁሉ የሚመልስለት አንድ ነው። «መኪና ታማኝ ነው፣ ግን ዓይን የለውም። አንተ ዞር ስትል እሱ ይቀጥላል።»

አሚን ደግሞ ከዚያ ወዲህ አባቴን ከማዶ ሆኖ ጠርቶት አያውቅም። የሚነግረው ነገር ካለው መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል፣ ከመኪናው ፊት ይቆማል፣ የአባቴ እግር ከመርገጫው እስኪነሳ ይጠብቃል፣ ከዚያ ነው የሚናገረው። ሐረር ውስጥ ሰውና ሰው ጮሆ ካልተጠራራ የተኳረፈ ነው የሚመስለው። እንግዳ ሰው ሁለቱን ሲያያቸው የተጣሉ ይመስሉት ነበር። እንደነሱ የሚዋደድ ግን መንገዱ ላይ አልነበረም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አባቴ ወገቡን እያመመው፣ «የተቀማጭ ሥራ በሽታ ነው» እያለ ሲያልፈው ቆየና፣ ሽንቱ ደም ሲቀላቅል እናቴ በግድ ወደ ሆስፒታል ወሰደችው፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። የመረመረው ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ወጣት ሐኪም ነው፤ ረጋ ያለ፣ ነገር የማያድበሰብስ ልጅ።

«አው ሰመድ» አለው፤ «አንዱ ኩላሊትዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ አይሠራም። እርስዎም አላወቁትም። የሁለቱን ሥራ ብቻውን ሲሠራ የኖረው ይኼኛው ነው። እጢው ደግሞ የወጣው እሱ ላይ ነው።»

«አውጡታ» አለ አባቴ።

«እዚህ ከፍተን ብንገባ ከእጢው ጋር ኩላሊቱንም ሳናወጣው አንቀርም። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክዎን የኩላሊት እጥበት ነው። ሌላ አገር ግን በሮቦት እየታገዙ የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ። በትንንሽ ቀዳዳ ገብተው እጢውን ብቻ ለይተው ያወጡታል፣ ኩላሊቱ ይቀራል። ዋስትና አልሰጥዎትም። የተሻለው ዕድል ግን እሱ ነው።»

አባቴ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንድ ቃል ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ «ሮቦት ማለት ያው መኪና ነው አይደል?» አለኝ።

«መኪና ነው፣ ግን በጣም የረቀቀ» አልኩት። ጣቱን በሌላ እጁ ሸፍኖ ወደ ውጪ ማየት ጀመረ።

ወሬው ጀጎልን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ለሰርግና ለለቅሶ የሚሰባሰቡት የእናቴ አፎቻ ሴቶች ቤታችን ሞሉ። የአጎቴ ልጅ ሮቦት የወይን ፍሬ ልጣጭ ሲሰፋ የሚያሳይ ቪዲዮ ከስልኩ አወጣላቸው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የአፎቻው ታላቅ አይ ፋጡማ፣ «አይ» በቋንቋችን እናት ማለት ነው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ሁለት ጊዜ አዩት።

«ማሻአላህ፣ ቆንጆ ይሰፋል» አሉ። «ግን ወይን ሚስትና ልጅ የለውም። ቢሞት ማን ያለቅስለታል?»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፣ እናቴ ግን አልሳቀችም።

በመኪና ግርግር ደግሞ የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ተስፋዬ ነበሩ። ጋሽ ተስፋዬ ድሮ በወታደርነት ሐረር ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአባቴ ሱቅ በር ላይ ካለችው በርጩማ አይጠፉም። የእሳቸው ጥያቄ አጭር ነው። «መብራት ቢጠፋስ?» ሐረር ለኖረ ሰው ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም።

ሁሉም ሲፈራ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። የእጥበት ታካሚ ጎረቤት ስለነበረን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩ። ዘመድና አፎቻው በገንዘብ ተረባረቡ፤ ወንድሜ ያሲን ይዞት ወደ ሕንድ ሄደ። አባቴ ሲሳፈር የተናገረው «አያለሁ እንጂ ለመኪናው አልተኛም» የሚል ነበር፤ እኔ ደርሶ ሲያየው ልቡ ይለወጣል ብዬ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ክፍል ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ያሲን ነው።

«ረውዳ፣ አባ ልመለስ ነው ብሏል።»

«ምን ሆኖ?»

«መኪናውን በመስታወት በኩል አሳዩት። አራት እጅ አለው፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል። ሐኪሟ የምትቀመጠው ደግሞ አልጋው አጠገብ አይደለም፣ ክፍሉ ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ሌላ አድርጋ ነው። ያንን ሲያይ በቃ አለ። ‹እሷ ዞር ብላ ተቀምጣ መኪናው እኔን ሊሰፋ ነው› ይላል። እኔን አይሰማም፣ አንቺንም አልሰማም ብሏል። ከአሚንና ከጋሽ ተስፋዬ ጋር አገናኙኝ ነው የሚለው።»

ተማሪዎቼን ለጓደኛዬ አደራ ሰጥቼ እስከ ግንቡ ሸዋ በር በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ ሮጥኩ። መኪና ግርግር ስደርስ የአባቴ መኪና በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ነው። ጋሽ ተስፋዬ በርጩማቸው ላይ ናቸው፤ አሚን ከማዶ ኮት እያጠበበ ነው። ሁኔታዬን ሲያይ እግሩን አነሳ።

የቪዲዮ ጥሪው ሲገናኝ አባቴ የሆስፒታል ቀሚስ ለብሶ፣ የእኛን የሐረሮችን ኮፍያ አናቱ ላይ እንዳደረገ ታየን። ከስቷል።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለ። «ተስፋዬ፣ አለህ?»

«አለሁ አቦ! ምን ሆነህ ነው ልጅ የምታስለቅሰው?»

«አልተኛም። ወላሂ በእጅ ከሆነ አንገቴን እሰጣቸዋለሁ። መኪና ግን አይነካኝም። አሚን፣ አንተ ታውቃለህ።»

አሚን መሬት መሬት አየ። የጣቱ ነገር ሲነሳ ሁሌም እንደዚያ ነው። በዙሪያችን ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ የመንገዱ ግርግር አንድ በአንድ እየረገበ ነው።

እኔ ልሟገተው አፌን ከፈትኩና የጣቱን ነገር አሰብኩ። ይህ ሰው የማያውቀውን አይደለም የፈራው። የሚያውቀውን ነው።

«አባ፣ እሺ፣ አትተኛ» አልኩት። «ግን ከመመለስህ በፊት ዶክተሯን አንድ ነገር ብቻ ጠይቃት። እየሠራች ሳለች ሰው ቢጠራትና ዞር ብትል መኪናው ምን ያደርጋል? ይህን ጠይቃት። መልሱ ካላረካህ እኔ ራሴ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ።»

«ያሲን» አለ አባቴ ዞሮ፣ «እንዳለችው ጠይቅልኝ።»

ዶክተሯ መጣች። አጭር፣ መነጽር ያደረገች፣ የአፎቻ ሴት የምትመስል ሕንዳዊት ናት። ያሲን በእንግሊዝኛ ጠየቃት። ሰማችው፣ የአባቴን ፊት አየች፣ ከዚያ ጣቱን አየች። ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ያሲን የጣቱን ታሪክ ነገራት። አልሳቀችም። «ና ብላለች፣ ራስህ ሞክረው ብላለች» አለ ያሲን።

ስልኩ እየተወዛወዘ በኮሪደር ሄደ። የገቡበት ክፍል ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ነው። አራት እጅ ያለው መኪና አንድ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሷል፤ ጠረጴዛው ላይ ሰው ሳይሆን የጎማ ቁራጭ ነው ያለው። ራቅ ብሎ ወንበር አለ፤ ከወንበሩ ፊት ግንባር አስጠግተው የሚያዩበት መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ሁለት የጣት መያዣ። ዶክተሯ አባቴን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችውና ከፍታውን አስተካከለችለት። እኛ መኪና ግርግር ላይ በአንዲት ስልክ ላይ ተደራርበናል።

አባቴ ወደ ታች አየ። ከዚያ የጮኸውን ጩኸት አልረሳውም።

«ረውዳ! መርገጫ አለው!»

«ሱብሃነላህ!» አለ መንገዱ በሙሉ።

እውነትም ከእግሩ ሥር መርገጫዎች ነበሩ። ጫማውን አወለቀ፤ ሁሌም የሚረግጠው በባዶ እግሩ ነው። ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ጣቶቹን ከተተ። ያሲን ስልኩን ወደ ጠረጴዛው ሲያዞር ሁለቱ የብረት እጆች ተንቀሳቀሱ። አባቴ ጣቱን ሲያዞር የብረቱ ጣት ይዞራል፣ ሲጨብጥ ይጨብጣል። ቀስ ብሎ ጠማማዋን መርፌ አነሳት።

«ያዛት! ያዛት!» አሉ ጋሽ ተስፋዬ ከበርጩማቸው ተነስተው።

አባቴ ጎማውን ወጋው፣ መርፌውን አሳለፈ፣ ክሩን ሳበ፤ ክሩ ተበጠሰ።

«ክሩ እጄ ላይ አይሰማኝም» አለ ግንባሩን ሳያነሳ።

ዶክተሯ አሁን ሳቀች። ያሲን ተረጎመ። «እኔም ስማር ስንቱን በጥሻለሁ፣ በዓይኔ ነው የማውቀው፣ ክሩ ሲወጠር አየዋለሁ፣ እዚህ ውስጥ ሁሉም ነገር ቀርቦ ትልቅ ሆኖ ነው የሚታየው ትላለች።»

አባቴ ሌላ ክር ጠየቀ። ሁለተኛው አልተበጠሰም። ወጋ፣ አሳለፈ፣ ሳበ። ሦስተኛውን ሊወጋ መርፌውን ከፍ ሲያደርግ ከአጠገቤ አንድ ድምፅ ፈነዳ።

«አው ሰመድ!»

አሚን ነው። አስቦበት አይደለም። ደስታው አምልጦት ነው።

አባቴ ቀና አለ።

በዚያች ቅጽበት መኪና ግርግር ላይ የቆምነው ሁሉ የምንጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ አሚን አፉን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፍኗል። ያሲን ስልኩን ወደ ጠረጴዛው አዞረ። መርፌዋ ከጎማው በላይ አየር ላይ ቆማለች። የብረት እጆቹ እንዳሉ ደርቀዋል። የአባቴ እጅ ይንቀሳቀሳል፣ እነሱ ግን ንቅንቅ አይሉም።

«ማን አቆመው?» አለ አባቴ።

«አንተ ነህ» አለ ያሲን። ዶክተሯን ሰማና ቀጠለ። «ዓይንህ ከመስኮቱ ከተነሳ አይንቀሳቀስም ትላለች። እስክትመለስ ይጠብቅሃል። ብቻውን አንዲት ስፌት እንኳ አይሰፋም፣ እጁ የእኔ እጅ ነው ትላለች።»

አባቴ ወደ ስልኩ ዞረ። ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«አሚን» አለ፣ «ድገመው።»

«አው ሰመድ… እባክዎ፣ አልችልም።»

«ድገመው ብዬሃለሁ!»

አባቴ ግንባሩን መለሰ፣ መርፌዋን አንቀሳቀሰ። አሚን ድምፁን ጠርጎ «አው ሰመድ!» አለ። አባቴ ቀና አለ፣ መርፌዋ ቆመች። «እንደገና!» አሚን ጮኸ። ቆመች። ከዚያ በኋላ አሚን ብቻውን አልነበረም። ልብስ ሰፊው ሁሉ፣ ቅመም ይዛ የምታልፈው ሴት ሳትቀር «አው ሰመድ!» እያለ ይጮኻል፤ አባቴ ቀና ባለ ቁጥር መኪናው ይቆማል። ዶክተሯ በስልኩ ውስጥ የሚጮኸውን ሕዝብ አይታ ያሲንን ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችው። ያሲን ምን ብሎ እንዳስረዳት እስካሁን አልነገረኝም።

ጩኸቱ ሲበርድ ጋሽ ተስፋዬ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። «መብራት ቢጠፋስ? ይህን ጠይቅልኝ ልጄ።»

መልሱ መጣ። መጠባበቂያ ኃይል አለው። እሱም ባይሠራ ብረቶቹ ይወጣሉ፣ አልጋው አጠገብ የቆሙት ሐኪሞች ከፍተው በእጃቸው ይጨርሱታል።

«እንግዲህ የታሰበበት ነገር ነው» አሉ ጋሽ ተስፋዬና ስልኩን መለሱልኝ።

አባቴ ጫማውን እያደረገ «ነገ እተኛለሁ» አለ። «ግን ወንበሩ ላይ እሷ ራሷ ትቀመጥ።»

በማግስቱ ጠዋት የአፎቻው ሴቶች ቤታችን ውስጥ ነደባው ላይ፣ ከፍ ዝቅ ብሎ በተሠራው መቀመጫችን፣ እንደየዕድሜያቸው ተደርድረው ተቀመጡ። አሚንና ጋሽ ተስፋዬ ግቢው ውስጥ ነበሩ። አይ ፋጡማ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሌሎቹ ዱዓውን ይቀበላሉ። እናቴ በር በሩን ታያለች። ያሲን «አስገብተውታል» ብሎ ከደወለ በኋላ ስልኩ ጠፋ። ያልቃል የተባለበት ሰዓት አለፈ። ደወልኩ፣ አይነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ፣ ጭራሽ አይገኝም አለኝ።

እናቴ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። «ኡማ፣ ደህና ነው፣ ኔትወርክ ነው» አልኳት።

«ረውዳ» አለች ወደ እኔ ሳትዞር፤ «ያንቺ መግፋት አያድነውም፣ አይገድለውምም። የሞቱ ቀን፣ አጀሉ፣ በአላህ እጅ ነው፣ ይህን አውቃለሁ። ግን ካልመጣልኝ ያንቺን ፊት እንዴት አድርጌ እንደማይ አላውቅም።»

እናቴ በሕይወቷ ከዚህ የከበደ ነገር ተናግራኝ አታውቅም። ተነስቼ ግቢው ጥግ ሄድኩ። አሚን አየኝ፣ ትንሽ ጠጋ ብሎ አጠገቤ ቆመ። እኔ ሂድ ብዬዋለሁ፤ አሚን ደግሞ ጩኸቱ ነው ያስተኛው። አባቴ ቢቀር የሁለታችንም ዕዳ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ያሲን ያለቅሳል።

«ተናገር!» ብዬ ጮኽኩ።

«ወጥቷል። አባ ወጥቷል፣ በሕይወት አለ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ደም ፈሶት ነበር። እጢው ከደም ሥሩ ጋር ተጣብቆ ነው የተገኘው። ኩላሊቱን አውጥቶ መገላገል ይቀል ነበር አለኝ ረዳቷ። እሷ ግን አልፈለገችም። ነርሷ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ከዚያች ወንበር ቀና ስትል አላየናትም፤ ላቧን እኛ ነን የጠረግንላት።› እጢውን ለይታ አውጥታ ኩላሊቱን ሰፋችው።»

«ኩላሊቱስ? ይሠራል?»

«እሱ ገና ነው። የሚታወቀው ሲሸና ነው።»

ወደ ውስጥ ገብቼ ነገርኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» ተባለ፣ ግን ማንም ከነደባው አልወረደም። ያን ሁሉ ሴት፣ ጀጎልን በጨዋነት ያሳደጉ እናቶች፣ የአንድ ሽማግሌ ሽንት ቁጭ ብለው ሲጠብቁ አስቡት። አንዷ «ውኃ ይስጡት» ትላለች፣ ሌላዋ «ከሰመመን ሳይነቃ እንዴት ይጠጣ?» ትላለች። አይ ፋጡማ በዱዓቸው መሀል ግልጽ አድርገው ጠየቁት። «ያ ረቢ፣ ሽንቱን አውርድለት!»

ፎቶው ከዝሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ መጣ። ከአልጋ ጎን የተንጠለጠለ ከረጢት፣ ውስጡ ቢጫ ነገር። ከሥሩ ያሲን አንድ ቃል ጽፏል። «ሸና!»

እልልታው ከግንቡ ውጪ ሳይሰማ አልቀረም። የሚያልፉ ሴቶች በበሩ አንገታቸውን አስገብተው «ማን ነው ያገባው?» ብለው ጠየቁ።

«ማንም አላገባም!» አሉ አይ ፋጡማ እንባቸውን እየጠረጉ። «አው ሰመድ ሸንቶ ነው!»

እናቴ ተነስታ መጣችና ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ደህና አድርጋ፣ ቀስ ብላ አየችው።

አባቴ ሲመለስ ልብስ ሰፊዎቹ በሙሉ ሆዱን ለማየት ተሰለፉ። ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ትንንሾቹን ጠባሳዎች ያሳያቸዋል። ጎንበስ ብለው እንደ ባለሙያ ይመረምራሉ፤ «ጠርዙን አየኸው?» ይባባላሉ። «መኪናው እንዴት ነው የሰፋህ!» ያለውን ሰው ግን አባቴ ሳያርም አያልፍም። «መኪናው አይደለም የሰፋኝ። ዶክተሯ ናት በመኪናው የሰፋችኝ። ያንተን ሱሪ ማን ሰፋው? እኔ ነኝ ወይስ መኪናዬ?»

ከተማውማ የራሱን ጨመረ። ሆዱ ውስጥ ብረት ትተውበታል ያለ አለ፤ ሐኪም ሳይኖር ሮቦት ብቻውን ቀደደው ያለም አለ። ወጣቱ ሐኪማችን ቀዶ ጥገና የሚፈራ ታካሚ ሲገጥመው አባቴን ያስጠራዋል። አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ነበር፤ ከገጠር፣ ከሶፊ የመጡ አንድ ገበሬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘን። እሳቸውን የሚሠራቸው ሮቦት አልነበረም፣ ይኸው የእኛው ሐኪም በእጁ ነው። አባቴ ግን ሁሉንም ነገር ከጣቱ ጀምሮ ነገራቸው። ሰውዬው ጨርሰው ሰሙና ወደ ሐኪሙ ዞረው «አንተስ ሰው ሲጠራህ ዞር ትላለህ?» ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘጋውና ለነርሷ ሰጣት። ሰውዬውም ተኙለት።

ይህ ሐኪም አንድ ቀን መኪናው ሐረር ይመጣል ይላል፤ ሐኪሙ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሐረርን ሰው የሚያክምበት ጊዜም ይመጣል ይላል። እኔ አምነዋለሁ። በዚያች ስልክ ውስጥ ያየሁትን ያየ ሰው ባያምን ነው የሚገርመኝ። ያቺን መኪና ያሰቡ ሰዎች፣ የሰው ዓይን ሲነሳ መርፌው ይቁም ብለው ያሰቡ ሰዎች፣ አባቴን ሳያውቁት ጣቱን ያዩለት ይመስለኛል። ወደፊት ወንበሩ ላይ ሰው የማይቀመጥበት፣ መኪናው ራሱ አይቶ ራሱ የሚሰፋበት ዘመን ይመጣል የሚሉም አሉ። አባቴን ስለዚህ ጠይቄው ነበር። «መጀመሪያ ወንበሩን አሳዩኝ እላለሁ» አለኝ፤ «ባዶ ከሆነ ጫማዬን አድርጌ እሄዳለሁ።» እኔ እንደሱ እርግጠኛ አይደለሁም።

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ አዲስ ሕክምና የሚፈራ ሰው ይኖራል። ያን ሰው የዋህ ነው፣ አልተማረም ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲፈራ ሳይ መጀመሪያ ጣቱን ነው የማየው። መርፌ የገባበት ቦታ አይጠፋም። እሱን ይዛችሁ ጠይቁለት፤ የረቀቀ ነገር የሠራ ሰው ለዚያም መልስ ሊኖረው ይችላል።

አባቴ ወደ ሥራው የተመለሰበትን ጠዋት ነግሬያችሁ ልጨርስ። እኔ ነኝ ነጩን ጨርቅ ያነሳሁለት። ጋሽ ተስፋዬ በርጩማቸውን አቅርበዋል። አባቴ ጫማውን አወለቀ፣ ክር ሰካ፣ መርገጥ ጀመረ፤ መኪና ግርግርም እንደ ወትሮው ሞቀ። ከማዶ አሚን መቀሱን አስቀምጦ ሲነሳ አየሁት። እንደ ልማዱ ተሻግሮ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልተሻገረም። በሩ ላይ እንደቆመ ደረቱን ነፋ።

«አው ሰመድ!»

አባቴ መጀመሪያ እግሩን አነሳ። ከዚያ ቀና አለ።

«አቤት አሚን!» አለው፣ መንገዱ በሙሉ እስኪሰማ።